በእኛ ነው በነሱ?

አስካለች መጀመሪያ የተናደደችው በጥበቃው ነበር፤ ሰውዬው ግን ምንም አላጠፋም። የቪዛ ቢሮው በር ላይ ቆሞ የያዘውን የስም ዝርዝር በእስክሪብቶ ጫፍ እየተከተለ ወረደ፣ ስሟን አገኘ፣ ጎኑ ላይ የተጻፈውንም አሳያት።

«ናይን ኦክሎክ ነበር፣ ሲስተር» አላት። «አሁን ስሪ ሆኗል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘግይተሻል።»

አንድ ሰዓት ቀድማ ደርሳ ነበር እኮ። የጓጓች እንዳትመስል ከመንገዱ ማዶ አጥር ሥር ተቀምጣ፣ ቀሚሷን እያስተካከለች፣ የነሱ ሦስት ሰዓት እስኪሞላ ጠብቃለች። «ተሳስታችኋል፣ ቀጠሮዬ ለሦስት ነው» ብላ ተከራከረች። እንግዲያው ሌላ ቀን ስጡኝ አለች። ጥበቃው ገብቶ ጠየቀላትና ተመለሰ፤ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ቦታ የለም። ለጉዞው ደግሞ የቀረው አሥራ ስምንት ቀን ነው። ፊቷ ጋለ፣ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፣ ያኔ ነው ስድስት የምትለው ቁጥር የገባቻት። አንድ ሰዓት አይደለም፣ አራትም አይደለም፣ ድፍን ስድስት። ሰውን ድፍን ስድስት ሰዓት የሚያዘገይ ስሕተት አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚሳሳተው ሐበሻ ብቻ ነው።

«ሽጉጤ» አለች ለራሷ። ጥበቃውን ይቅርታ ጠይቃው ሄደች።

ሽጉጤ ባሏ ነው። ሶዌቶ፣ ክሊፕታውን ሰፈር ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ስፓዛ ሱቅ አላቸው፤ ዳቦ፣ ላምባና የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ መስኮት የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ። እዚህ አገር ከመጡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፣ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት ሲቆጠር ኖሯል። የቤተ ክርስቲያን ጸሎት፣ የዕድር ስብሰባ፣ ወደ ሆሳዕና ለቤተሰብ የሚደወለው ስልክ በእኛ ነው። የዳቦው መኪና፣ ባንኩ፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት በነሱ ነው። ስለዚህ ሰዓት የጠራ ሰው ሁሉ ከኋላው አንዷን ቃል ይቀጥላል፤ በእኛ፣ ወይም በነሱ። ሽጉጤማ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁትም ቃሏን አይስታትም።

ሐሙስ ዕለት ያላትን አስታወሰች። እሷ ጀፕ ከሚባለው የጅምላ ገበያ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ ስልኳን ሱቅ ውስጥ ቻርጅ ላይ ትታው ነበር። ሲስ ዲኔዎ ደወለችና ቀጠሮውን ለሽጉጤ ነገረችው። ሲስ ዲኔዎ ነርስ ናት፣ አስካለች የምትነዳበትን የሶዌቶ ሴቶች የብስክሌት ክለብም የምትመራው እሷ ናት። አስካለች ዕቃዋን ተሸክማ ስትገባ ሽጉጤ ዳቦ እየደረደረ፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣ «ሰኞ ነው። ሦስት ሰዓት» አላት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጨመረም። እሷም በደስታ ሰክራ አልጠየቀችም፤ ቪዛ የነሱ ጉዳይ ነውና በነሱ ነው ብላ ወሰደችው።

ወደ ቤት የሚኬደው በሁለት ታክሲ ነው። ሁለተኛው ላይ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በብስክሌት ልትነዳበት ስለነበረው መንገድ አሰበች። መንገዱ ያለው ስፔን ውስጥ ነው፣ ሜዲትራንያን ባሕር ዳር። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር፤ ሐዲዱን ነቅለው ለብስክሌት ሰጡት፣ መኪና የሚባል አይገባበትም። አገሩ ኮረብታ በኮረብታ ነው፣ ግን ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ወይ ኮረብታውን ይዞራል ወይ በዋሻ ሰንጥቆት ያልፋል። ከዋሻው ሲወጡ ባሕሩ እግር ሥር ነው። አምስት የክለቡ ሴቶች ለስምንት ቀን የሚሄዱበትን ወጪ የሚሸፍን ድርጅት ተገኝቶ ነበር። አስካለች ካርታውን ስልኳ ላይ ከማየቷ ብዛት የዋሻዎቹን ተራ በቃሏ ይዛዋለች። ረጅሙ አራተኛው ነው።

ሐዋሳ ላይ በብስክሌት ነው ያደገችው። ትምህርት ቤት በብስክሌት፣ ገበያ በብስክሌት፣ ሐይቁ ዳርም በብስክሌት። ክሊፕታውን ስትመጣ ግን ዋናውን መንገድ አየችና ተወችው። ሚኒባሶቹ በመንገዱ ጠርዝ ጭምር ይሄዳሉ፣ እዚህ አገር ሮቦት የሚሉት የትራፊክ መብራት ቀይ ቢያበራም ግድ አይሰጣቸውም። ባለፈው ዓመት ከክለቡ ሴቶች አንዷን ገጭተው ክንዷን ሰብረዋታል። ስለዚህ አስካለች የምትነዳው እሁድ ከሰዓት፣ ከሌሎቹ ጋር፣ ከኋላ የክለቡ መኪና እያጀባቸው ነው፤ ብቻዋን ወጥታ አታውቅም። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፣ ከኋላዬ ማን መጣ ሳትል ስምንት ቀን መንዳት። የስደተኛ የጉዞ ሰነዱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ተመላልሳለች። ይህን ሁሉ ባሏ በአንዲት ቃል ዘጋባት፤ ያውም ተናግሯት አይደለም፣ ውጧት ነው።

ሱቁ ስትደርስ ሽጉጤ ለአንዲት ሴትዮ ግማሽ ዳቦ እየቆረጠ ነበር። ሴትዮዋን «ሃምባ ካህሌ፣ ማማ» ብሎ ሸኛትና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«እንዴት ሆነልሽ?»

«ቀጠሮዬ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሦስት።»

«ጨርሰዋ።»

«ምኑን?»

«ሦስት ካልክ በኋላ የምትላትን ቃል። ጨርሳት።»

ሽጉጤ ቢላዋውን በጨርቅ ጠረገው። «በእኛ» አለ በቀስታ። «አላልኩሽም እንዴ? ረስቼ ይሆናል። ሰው ይረሳል፣ አስኩ።»

ሰው ይረሳል ያላት ነገር ከሁሉም የባሰ አንገበገባት። «አንተ ትረሳለህ? እናቴ ያረፈች ጊዜ ‹በእኛ አራት ሰዓት ላይ ዐረፉ› ብለህ ነው ያረዳኸኝ። የእናቴን ሞት ስትነግረኝ ያልረሳሃትን ቃል፣ ቪዛዬ ላይ ረሳሃት?»

ፍርግርጉን አንድ የስልክ ካርድ ፈላጊ በሳንቲም አንኳኳ። «ማይ ፍሬንድ፣ ኤርታይም።» አስካለች «ክሎዝድ» አለችውና የመስኮቱን መዝጊያ ጎትታ ዘጋችው።

«የነገረችኝን ሰዓት ነው የነገርኩሽ» አለ ሽጉጤ። «ውሸት አልተናገርኩም።»

«ብትዋሽማ ይሻል ነበር። ውሸታም ብዬህ እገላገል ነበር።»

ሽጉጤ የዘይት ካርቶን ላይ ተቀመጠ። «አጵሎስም ለሦስት ወር ብሎ ነው የሄደው» አለ። አጵሎስ ታናሽ ወንድሙ ነው። ከዚሁ ሱቅ ተነስቶ ያንኑ ባሕር ከተሻገረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ ከዚያ ለፋሲካ ብቻ፣ አሁን እሱም ቀርቷል። «ሰው እዚያ ለመድረስ በጀልባ ነፍሱን ይሰጣል። አንቺ በአውሮፕላን ደርሰሽ፣ ብስክሌት ነድተሽ፣ ወደዚህ ፍርግርግ ትመለሻለሽ? ማን ይመለሳል? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሉኝን አልሰማሽም።»

«ምን ይሉሃል?»

«ሽጉጤ ሚስቱን በብስክሌት ሸኛት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ያናደዳት መፍራቱ አልነበረም፣ አለመጠየቁ ነው።

«እመለስ ነበር» አለችው። «የምመለስበትን ቀን እዚህ ግድግዳ ላይ ጽፌልሃለሁ፣ እስከዚያ የሚመጣውን ዳቦ እንኳ አዝዤልሃለሁ። ብትጠይቀኝ ምዬ እነግርህ ነበር። አሁን ግን እመለስ አልመለስ እኔም አላውቅም። ይህን ያመጣኸው አንተ ነህ።»

ሽጉጤ ተነስቶ የመስኮቱን መዝጊያ መልሶ ከፈተው።

ሲስ ዲኔዎ ከሥራ ወጥታ ስትደውል አስካለች ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነገረቻት፣ ዓይኗን ከባሏ ላይ ሳትነቅል። ሲስ ዲኔዎ «ጠብቂኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ መልሳ ደወለች። አንድ ሰው ቀጠሮውን ሲሰርዝ ኢንተርኔቱ ላይ ቦታውን ቀድማ ይዛላታለች፤ ነገ ጠዋት፣ ሰባት ተኩል። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ሽጉጤም ሰማ።

«በነሱ ነው» አላት ፈጠን ብሎ። «በእኛ አንድ ተኩል ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

ሰዓቷን የሚተረጉምላት ሰው ከእንግዲህ አትፈልግም።

የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ አይታመንም። ጎሕ ሲቀድ ሰነዶቿን በፕላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የራስ ቁሯን አሰረች፣ ብስክሌቷን ከዱቄት ጆንያዎቹ ኋላ ጎትታ አወጣች። እስከ ቪዛ ቢሮው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ዳገት አለበት፣ ሚኒባስ አለበት፣ ማንም የማያከብረው ሮቦት አለበት። ፈርታለች። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በልጧል።

ሽጉጤ በነጠላ ጫማ ወጣና የግቢውን በር ያዘ።

«በዚህ መንገድ ብቻሽን? ይገጩሻል።»

«በሩን ልቀቅ፣ ሽጉጤ።»

ለቀቀው። ከዚያ ደግሞ ከኋላዋ፣ «ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?» አላት።

«በስምንት።»

ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ፔዳሉን መታችው። ሐዲዱ ጋ ልትደርስ ስትል ድምፁ ተከተላት።

«አስኩ፣ በእኛ ነው በነሱ?»

ሰምታዋለች። በእኛ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በነሱ ከሆነ ማታ ነው፤ በመካከሉ ድፍን ስድስት ሰዓት አለ፣ ትናንት እሷን ያስከፈላት ያህል። ማርሽ ቀይራ፣ ዞር ሳትል፣ ዋናው መንገድ ውስጥ ገባች። እሱም በሩ ላይ ቆሞ ይቁጠረው።