ደረጃ አራት

ማስታወቂያው የተለጠፈው የካፊቴሪያው በር አጠገብ ነው። «ለተማሪዎች የቀረበ ዕድል» ይላል። የዩኒቨርሲቲው የሥዕል ሙዚየም በየዓመቱ አንድ ተማሪ ይመርጥና ከመጋዘኑ አሥር ሥዕሎች አውጥቶ ዐውደ ርእይ እንዲያዘጋጅ ይፈቅድለታል። ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሁለቴ ጣሉኝ። በሦስተኛው ስሜ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ድሮም ዕንባዬ ቅርብ ነው፤ ያን ቀን ግን ምክንያት ነበረኝ።

ምክንያቴ አንድ ሥዕል ነው። አባቴ እዚሁ ተማሪ ሳለ እናቴን ሥሏታል፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አድርጋ። ሙዚየሙ ወሰደው፤ አንድም ቀን ግን አልሰቀለውም። አባቴም ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነካም። ትዳር መጣ፣ እኔ መጣሁ፣ የቢሮ ጸሐፊ እንደሆነ ሞተ። የእናቴ ዓይን ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየደከመ ነው። ሐኪሙ በቅርቡ «እስከ ዓመት ድረስ ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ እንጃ» ብሏታል። የሦስት ዓመት ልመናዬ ሁሉ ዓይኗ ሳይጠፋ ያን ሥዕል ግድግዳ ላይ ላሳያት ነው።

አንደኛ ዓመት እያለሁ እዚያው መጋዘን በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ሥራችን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያዩ ጉዳታቸውን ካርድ ላይ መጻፍ ነበር፤ ደረጃ አንድ ደህና፣ ደረጃ አራት ክፉኛ የተጎዳ። ጓንቴን ስለማላወልቅ የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ «ጓንቴ» እያለ ይጠራኝ ነበር። የአባቴ ሥዕል ጥጉ ላይ ቀለሙ ትንሽ ተሰነጣጥቋል። ደረጃ ሁለት ቢባል ይበቃው ነበር። እኔ ግን ብልጥ ነኛ! ክፉኛ የታመመ ቶሎ ይታከማል ብዬ ደረጃ አራት ጻፍኩበት። ጠጋኙ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያየው፣ ለአባቴ ውለታ መዋሌ ነው። ከዚያ በኋላ መጋዘን አልወረድኩም፤ እያከሙት ነው ብዬ ልቤን ጥዬ ኖርኩ።

በተመረጥኩ ማግስት ወረድኩ። ሽማግሌው የያዝኩትን የሥዕሉን ቁጥር አየና ከወንበሩ አልተነሣም።

«ጓንቴ፣ ሌላ ብትመርጪ ይሻልሻል።»

«ጋሼ፣ ዘጠኙን እርስዎ ይምረጡልኝ፤ እሱን ብቻ ይስጡኝ።»

«የለም እኮ ልጄ። ጠጋኙ ከለቀቀ ሁለት ዓመቱ፤ በቦታው ሰው አልተተካም። አምና ቦታ ጠበበ ተባለና ደረጃ አራቶቹ በሙሉ ወጡ።»

«ወዴት?»

«ለሥዕል ክፍል። ሸራው ጥሩ ነው ተብሎ፣ ነጭ ተቀብቶ ለአንደኛ ዓመቶች መለማመጃ ተሰጠ። ለተማሪዎች ዕድል ነው አሉ።»

ካርዱን አወጣልኝ። አራት ቁጥሯን አሳምሬ ነው የጻፍኳት። እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚሉት እኔን ነው። ሽማግሌው የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ራሴን ጠላሁት።

ለእናቴ ደግሞ ሥዕሏ ሊሰቀል ነው ብዬ ቀድሜ ነግሬያታለሁ። ዐውደ ርእዩ በተከፈተ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጫማ ተውሳ መጣች። ምን ልበላት? ክንዷን ይዤ፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች የሌላ ሴት ሥዕል ፊት አቆምኳት።

«ይኸውልሽ እማዬ።»

አፍንጫዋ ሸራውን ሊነካ ሲል ቆመች። ብዙ ቆየች። «ጎበዝ ነበር» አለች፤ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ «ባለቤቴ ነው የሣለኝ» አለቻቸው። አጨበጨቡላት። ተገላገልኩ ብዬ ይዣት ወጣሁ።

ታክሲ ስንጠብቅ እጄን ጨበጥ አደረገችው።

«ያቺ ሴትዮ የለበሰችው ቀይ ነው፣ አይደል?»

«እማዬ...»

«ቀይና አረንጓዴ ገና አልጠፋኝም። ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው። የኔስ የት ገባ?»

ነገርኳት፤ ስለ ካርዱ፣ ስለ ነጩ ቀለም፣ ስለ አንደኛ ዓመቶቹ። የጻፈው ማን እንደሆነ ብቻ ዘለልኩ። አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ያን አራት የጻፈውን ሰው» አለች በመጨረሻ፣ «እግዜር ይይለት።»

ታክሲ የመጣ አስመስዬ አንገቴን አሰገግኩ።

«አሜን በይ እንጂ።»

«አሜን» አልኩ።