«አስማረ ይሙት»

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ለሰው ልጅ ከተሰጡት ብልቶች ሁሉ እንደ አንደበት ብርቱ ቅጥር የታጠረለት፣ እንደ አንደበትም ቅጥሩን ዘሎ የሚወጣ የለም፤ ጥርስ ቢዘጋበት በከንፈር ያመልጣል፣ ከንፈር ቢገጠምበት በትንፋሽ ይሾልካል፣ አንድ ጊዜ ከወጣም በኋላ በፈረስ ቢከተሉት አይመለስም። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ደግሞ፣ እውነታችንን ለማጽናት የምንወደውን ሰው በቃላችን ወደ ሞት የምንሰድ፣ «እናቴ ትሙት» ብለን ጎመን የምንሸጥ፣ «ልጄ ይሙት» ብለን የጠገበ እንግዳ ዳግመኛ የምናስበላ ሕዝብ ነንና፣ ከጧት እስከ ማታ ስንቱን ዘመድ ገድለን ስንቱን እንደምንቀብር አናስተውለውም። ምን እናድርግ፣ ለምዶብናል። እኔም ከዚህ በታች የምተርከው ነገር እስኪደርስ ድረስ በሟች እናቴ ሳይቀር ስምል የኖርሁ ሰው ነበርሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተውሁት።

በሰንበሌጥ ከተማ፣ ልሳነወርቅ ደምሳሽ የሚባል፣ ርቱዐ ልሳንና ጥዑመ አንደበት፣ ቁመቱ ያማረና ግርማው የሚስብ ሰው ነበረ፤ ስሙን ያወጣለት ቄስ ትንቢት ተናገረ ወይስ ቀለደ፣ እስከ ዛሬ የተረዳ የለም። ከፊደል ቤት ጀምሮ የማይለየውም መምህር አስማረ የሚባል የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረ፤ ንግግሩ ጥቂት፣ ሳቁ ቅርብ፣ ቃሉ የታመነ ሰው ስለ ሆነ የተጣላ ሁሉ ከዳኛ በፊት ወደ እርሱ ይሄድ ነበር። የፓርቲ ዘመን በመጣ ጊዜ ሁለቱ ወዳጆች፣ በምርጫ ምልክቱ ፋኖስ እየተባለ የሚጠራውን ተቃዋሚ ፓርቲ በወረዳው አቋቋሙ፤ ሥልጣኑን የያዘው ፓርቲ ምልክት ማረሻ ነበረና፣ ሰንበሌጥ ለፋኖስና ለማረሻ ተከፍላ ባልና ሚስት በአንድ ማዕድ ዝም ተባብለው ይበሉ ጀመር። ልሳነወርቅ በመድረክ ሲናገር አስማረ ከግራው ይቆማል፤ ሕዝቡ የተጠራጠረ እንደ ሆነ ልሳነወርቅ ግራ እጁን በወዳጁ ትከሻ ላይ ጥሎ «አስማረ ይሙት!» ይላል፤ ያን ጊዜም ጥርጣሬው እንደ ጉም ይበተናል፤ አስማረን የሚያህል ሰው በከንቱ ወደ ሞት የሚሰድ ወዳጅ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? አስማረም እየሳቀ «ምነው ልሳኔ፣ በቀን አሥር ጊዜ ገደልኸኝ እኮ! እስቲ ለነፍሴ ፋታ ስጣት» ይለው ነበር።

በምርጫውም በወረዳው ፋኖስ አሸነፈ፣ ልሳነወርቅም የሰንበሌጥ ተወካይ ተብሎ ወደ ምክር ቤት ገባ። በአንደኛው ዓመት የማረሻን ሰዎች በአደባባይ ሞገታቸው፤ በሁለተኛው ዓመት በእልፍኛቸው ምሳ በላ፤ ክርክርና ምሳ አብረው እንደማይውሉ የሚያውቅ ያውቀዋል። «ከእኛ ጋር ብትሆን ለወረዳህ መንገድ ይገባል፣ አንተም ሚኒስትር ዴኤታ ትሆናለህ» አሉት፤ እርሱም ከሁለቱ ስጦታዎች የመጀመሪያውን ጮክ ብሎ እየጠራ፣ ሁለተኛውን በልቡ እያሰበ፣ «ለሕዝቤ ስል ነው» አለ። እንዲህ የማይል ከዳተኛ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በአንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የማረሻን የአባልነት ቅጽ ፈረመ፤ ነገሩ በሬዲዮ እስኪነገር ድረስም ኅቡእ ሆኖ ይቈይ ዘንድ ተስማሙ።

ወሬ ግን ከመኪና ይፈጥናልና፣ ልሳነወርቅ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሰንበሌጥ ሲደርስ ገበያው ሁሉ ሰምቶ ጠበቀው። ሰዎቹ መድረክ ላይ አወጡት፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ወጥተህ እንደ ሆነ ንገረን፣ አልወጣሁም ካልህም ማልልን!» ብለው ጮኹ። አስማረ እንደ ልማዱ ከግራው ቆሞ ነበረ፤ የወዳጁን ፊት ከልጅነቱ ጀምሮ ያነብ ነበርና፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ልሳኔ፣ ዛሬ በእኔ አትማል፤ እውነት ከሆነ ያለ መሐላ ይበቃል፣ እውነት ካልሆነም ንገራቸው፣ እኔ አብሬህ እቆማለሁ» አለው። ልሳነወርቅ ሕዝቡን አየ፤ የመረጡትን፣ የሸኙትን፣ ልጆቻቸውን በስሙ የሰየሙትን ሰዎች ፊት አየና ፈራ። ሊቃውንት ይህን ነገር ብዙ ስም ይሰጡት ይሆናል፤ እኔ ግን ሳላሳምር እጽፈዋለሁ፤ ፈራ። እጁንም በዚያ ትከሻ ላይ ጥሎ «አስማረ ይሙት፣ ከፋኖስ አልወጣሁም፣ አልወጣምም!» አለ። ሕዝቡ እልል አለ፤ አስማረም ከእጁ በታች ሳይነቃነቅ እስከ መጨረሻው ቆመ፤ በዚያን ቀን ግን አልሳቀም።

በዘጠነኛው ቀን ሬዲዮ ሁሉን ተናገረ። አስማረ ዜናውን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብሎ ሰማ፤ ባልደረቦቹ ምን ይል ይሆን ብለው ቢያዩት፣ «እንግዲህ ተፈረደብኝ» ብሎ ጠመኔውን አንሥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። በሰባተኛው ሳምንት በዚያው ክፍል፣ የዓባይን ገባሮች በሰሌዳው ላይ ሲሥል ወደቀና ዐረፈ። ሐኪሙ «ልቡ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ደካማ ነበረ» አለ፤ ሰንበሌጥ ግን ከሐኪም የበለጠ አውቃለሁ ባይ ናትና ነገሩን በአንድ ቃል ቈረጠችው፤ መሐላው በላው አለች። ልሳነወርቅ ለለቅሶ በመንግሥት መኪና መጣ። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ዘመኗን ሁሉ «አንተ ልሳኔ» እያለች ስትቈጣውና ስታበላው የኖረች ሴት፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ክቡር ሚኒስትር፣ እንኳን መጡልን። ታሞ ነው የሞተው፤ ሐኪሙ ነግሮኛል፣ ሰው የሚለውን አይስሙ» አለችው። ብትረግመው ኖሮ ይሸከመው ነበር፤ ያ «እርስዎ» የሚል አክብሮት ግን አጥንቱ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልሳነወርቅ ሰላም አላገኘም። መንፈስ አላየም፣ ጥላ አልተከተለውም፤ እንዲያ ቢሆን ጠበል ይበቃው ነበር። ያሳደደው የራሱ ቋንቋ ነው። በመንገድ ሲያልፍ አንዲት ቲማቲም ሻጭ «ልጄ ይሙት፣ አያዋጣኝም!» ስትል ይሰማና ይደነግጣል፤ ሾፌሩ ስለ ጎማ ሲነግረው «ወንድሜ ይሙት» ይለዋል፤ የክፍል ኀላፊዎቹ ስለ ዘገየ ደብዳቤ ሲጠየቁ እናቶቻቸውን ተራ በተራ ይገድሉለታል፤ ከተማው በሙሉ ከንጋት እስከ ምሽት የሬሳ ሣጥን ሲጠርብ የሚውል መሰለው። በምክር ቤትም አንድ ቀን ስለ መንገድ ሥራ ተጠይቆ ሲመልስ፣ ግራ እጁ ከልማድ የተነሣ ወደ ጎን ተዘረጋና ባዶ አየር ላይ ዐረፈ፤ አንደበቱም ሳይጠይቀው «አስማረ ይሙት!» አለ። አስማረ ማን እንደ ሆነ የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌ እንደራሴዎች አንገታቸውን ደፉ፤ የሞተ ሰው ይሙት አይባልምና። ልሳነወርቅም ንግግሩን ሳይፈጽም ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ በማንም ስም አልማለም።

ይህም ጭምትነቱ ሌላ መከራ ወለደበት። እናቷን በሕፃንነቷ ያጣች ትርሲት የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ከእርሷ በቀር በምድር ላይ የሚወደው አልነበረም። ከመምህራን ኮሌጅ ልትመረቅ ስትል «አባዬ፣ በምርቃቴ ቀን ትመጣለህ?» ብትለው «እመጣለሁ» አላት፤ እርሷም እየተሽኮረመመች «እስቲ ሙች በለኝ!» አለችው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ቃሌ አይበቃሽም እንዴ?» አላት በቍጣ። «የጓደኞቼ አባቶች ለረባ ላልረባው ሁሉ በልጆቻቸው ይምላሉ፤ ሰው በሚወደው ነው የሚምለው» አለች ልጅቱ፤ «እኔን አንድ ቀን እንኳ ሙች ብለኸኝ አታውቅም። ምንህ ነኝ?» እርሱ ምክንያቱን ቢነግራት አስማረን እንደ ካደው መንገር ሊሆንበት ነው፤ እናም ምክንያቱን ሰወረባት። በምርቃቷ ቀን ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ በፊተኛው ወንበር ተቀመጠ፤ እርሷ ግን የተነፈገችውን ቃል እንጂ የመጣውን ሰው አላየችም። እየዋለ እያደረም ከእርሱ ራቀች፤ በመጨረሻም በቈላ ድንበር ላይ ባለ ትምህርት ቤት ለመመደብ ለመነች፣ ተፈቀደላትም፤ «ከዚያ ወዲያ አልመለስም» ብላ ለጎረቤት መንገሯን ከጎረቤት ሰማ። ወይ አባትነት! ሚኒስትር ዴኤታው አገር ሲያዝ ውሎ ልጁን ቅሪልኝ የሚልበት አንደበት አጣ።

የምርጫው ዘመን ዳግመኛ ደረሰና ማረሻ ልሳነወርቅን ለሰንበሌጥ ዕጩ አደረገው፤ ትርሲትም ወደ ቈላ ከመውረዷ በፊት የእናቷን መቃብር ትሰናበት ዘንድ አብራው መጣች። በጨዋቃ ወንዝ ላይ እስከ መጪው ክረምት ድልድይ ይሠራል የሚል ጽሑፍ ተሰጥቶት ነበር፤ እርሱ ግን ለድልድዩ አንድ ድንጋይ እንዳልተፈለጠ፣ እንደማይፈለጥም ያውቃል። በዚያው የገበያ አደባባይ ቆሞ ጽሑፉን አነበበ። የሚያጨበጭብ ሳይገኝ ባላምባራስ ውቤ የሚባሉ የከተማው አንጋፋ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ልጄ ልሳነወርቅ፣ ድልድዩን ሰማን። ጨዋቃ በየክረምቱ ሰው ይበላብናልና ድልድዩን ከማንም አብልጠን እንሻዋለን። አባቶቻችንም ‹የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ› ብለዋል። ልጅህ ያቻትና፣ ‹ትርሲት ትሙት› በልልን፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ማረሻን እንመርጣለን።» ልሳነወርቅ ወደ ልጁ ዞረ፤ ልጅቱም ከመድረኩ ሥር ቆማ፣ ስሟ ከአባቷ አፍ ይወጣ ዘንድ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀች ናትና፣ ዐይኖቿን በአፉ ላይ ተክላ ትለምነው ነበር። ቃሉን ቢናገር ወንበሩም ልጁም የእርሱ ነበሩ።

«አልልም» አለ። «ባላምባራስ፣ አልልም። ድልድዩ አይሠራም። ከዚህ በፊት በዚሁ ስፍራ በሐሰት ምዬላችኋለሁ፤ ማክሰኞ ፈርሜ ቅዳሜ ማልሁ፤ አስማረንም የገደልሁት እኔ ነኝ። የተናገርሁትን ሁሉ አጥፍቻለሁ፤ የወለድኋትን ግን አላጠፋም!» ጽሑፉንም በመድረኩ ላይ ትቶት ወረደ። ከሕዝቡ መካከል ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጎትታ ስትነሣ ታየች፤ ያን ሁሉ ዓመት በሐኪሙ ቃል ተጽናንታ የኖረች ሴት፣ ያን መጽናኛ በአንድ ጊዜ ተነጥቃ ወደ ቤቷ ሄደች። ባላምባራስም «ዛሬ ገና አመንንህ፤ ግን አንመርጥህም» አሉ። ማረሻ በሦስተኛው ቀን አባረረው፤ ፋኖስም ደጁን አልከፈተለትም፤ የልሳነወርቅ የሹመት ዘመን በዚህ ተፈጸመ።

ትርሲት መኪናው ዘንድ ደርሳ ክንዱን ያዘችውና፣ «ለካ ስለምትወደኝ ነው፤ አባዬ፣ አልሄድም» አለችው፤ እርሷም አልማለችም፣ እርሱም ማዪ አላላትም። ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት በልጁ ቤት በክብር ተቀምጦ፣ ጧሪ ሳያጣ አረጀ፤ ነገር ግን ሰው ሲናገር ጆሮውን በመዳፉ ይሸፍን፣ ስሙንም ሲጠሩት ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ወደ ግራው ዞር ይል እንደ ነበር ያዩት ሁሉ ይመሰክራሉ፤ በሐሰት የተማለበት ሰው ሞቶ ይቀበራል፣ በሐሰት የማለ ግን ሞቶ ሳይቀበር ይኖራልና።