ዳንቴል የለበሰው ፍሬን

ለሞተር መንጃ ፈቃድ ፈተናዬ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረኝ የፍሬን መብራቱ አኮረፈ። የእግር ፍሬኑን ስረግጥ ከኋላ ቀዩ መብራት ቦግ ይላል፤ የእጅ ፍሬኑን ስጨብጥ ግን ጭጭ። ፈታኙ ደግሞ ገና ሳልነዳ ሁለቱንም ነው የሚያየው። ካልበራ ቀጠሮዬ በሦስት ወር ይገፋል፣ መድኃኒት ቤት ያላት አክስቴም ለደንበኞቿ መድኃኒት የሚያደርስ ሌላ ሰው ትቀጥራለች። "ሰኞ መንጃ ፈቃድ ይዘሽ ካልመጣሽ አላውቅሽም" ብላኛለች። አክስቴ ደግሞ ካለች አለች ነው።

አባዬ ፒንሳውን ይዞ ወጣ። እማዬን መብራቱን እንድታይልን ከኋላ አቆምናት።

"በራ?" አለ አባዬ የእጅ ፍሬኑን ጨብጦ።

"በራ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም በራ።"

"አሁን እኮ አልጨበጥኩም።"

"ታዲያ ልጅቷ ፈተና አለባት፣ አልበራም ብዬ ላስደነግጣት?"

እማዬን በክብር ወደ ቤት ሸኘናትና እኔ ከኋላ ቆምኩ።

"በእግር ስለሚበራ አምፖሉ ደህና ነው" አለ አባዬ። እጀታው ሥር ካለችው ማብሪያ ሁለቱን ሽቦዎች ነቅሎ አነካካቸው። በራ። "ሽቦውም ደህና። በቃ፣ ማብሪያዋ ናት የሞተችው።"

"ቆይ አባዬ፣ ሳናረጋግጥ አንቅበራት።"

ሽቦዎቹን መልሰን ማብሪያዋን ብቻ ፈታናት። እንደ በር ደወል የምትጫን ሚጢጢ ጫፍ አለቻት። እጀታው ሲያርፍ ይጫናትና መብራቱ ይጠፋል፤ ሲጨበጥ ይለቃትና ይበራል። በጣቴ ስጫናት ጠፋ፣ ስለቃት በራ።

"እሷም ደህና ናት" አልኩ።

"ሁሉም ደህና ከሆነ የታመመው ማነው?"

ሁለታችንም ቀስ ብለን እጀታውን አየነው። ሮዝ ዳንቴል ለብሷል። እኛ ቤት እማዬ ዳንቴል ያላለበሰችው ነገር የለም፤ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሪሞቱ ለብሷል፣ ጀሪካኑ ሳይቀር ለብሷል። ትናንት ደግሞ "እጅሽን እንዳይበርድሽ" ብላ እጀታውን አለበሰችው። የዳንቴሉ ጫፍ ማብሪያዋ በነበረችበት ቦታ ተወትፏል፤ ብንጨብጥም ባንጨብጥም ሚጢጢዋን ጫፍ ሲጫናት ነበር ማለት ነው።

"ቅደደው" አልኩት በሹክሹክታ።

"እኔ? ሃያ ዓመት በሰላም ኖሬያለሁ። ሂጂ፣ ሬዲዮ፣ አንቺው ንገሪያት።"

ሬዲዮ ያለኝ ወሬ ስለማልጨርስ ነው። ያን ጊዜ ግን ከበር ሆኜ ወደ ዳንቴሉ በጣቴ ጠቆምኩላት። እማዬ ራሷ መጣች፣ መነጽሯን አድርጋ መረመረችው።

"ሥራዬ ምንም አይወጣለትም" አለች። "ማብሪያዋ ናት ቦታዋን የማታውቅ።"

ቢሆንም መቀስ አምጥታ ጫፉን ቆረጠች፤ እዛው ሞተሩ ላይ እንዳለ ዙሪያውን ዘመዘመችው። ማብሪያዋን መለስናት፣ አባዬ ጨበጠ፣ በራ። ይሄን ጊዜ ከኋላ ቆሜ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ እመኑኝ።

ፈታኙ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ነው። ጨበጠ፣ ኋላውን አየ። ደግሞ ጨበጠ። ከዛም ዳንቴሉን ይደባብስ ጀመር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳንቴል ነው ጋሼ። እጅ እንዳይበርድ።"

እንድነዳ በእጁ አመለከተኝ። ነዳሁ፤ አንድ ኮን ብቻ ጣልኩ። ወረቀቱን ፈርሞ ከሰጠኝ በኋላ ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ለመኪና መሪም ይሠራሉ?"

ሰኞ አክስቴ መንጃ ፈቃዴን አገላብጣ አየች፣ ቀጥላ እጀታውን። "ሥራውን አግኝተሻል። ይሄን ነገር ግን መድኃኒት መጫኛው ሳጥን ላይ እንዳላይ" አለችኝ።

እቤት የተውኩት ሳጥን ግን እሁድ ማታውኑ ለብሶ አድሯል።