የተጣበቀው ሲሶ

የሒሳብ መምህሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጠመኔ ሌላ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም፤ ይኮራበታልም። ርዕሰ መምህሯ «ከእንግዲህ ተማሪ በየመማሪያ ጣቢያው እየዞረ፣ በእጁ እየነካካ ነው የሚማረው» ስትል ስብሰባው መሃል ሳቁ አመለጠው።

«ጣቢያ? ምን አጥፍተው ነው ጣቢያ የሚገቡት?»

መምህራኑ ሳቁ። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ትመጣለች፤ ስድስት ዓመት ደጅ የጠናበትን የሒሳብ ክፍል ኃላፊነት የሚያገኘው ተቆጣጣሪዋ ከወደደችው ብቻ ነው።

እያጉረመረመ ለክፍልፋይ ትምህርት ካርቶን ቆራረጠ። ግማሹ ቀይ፣ ሲሶው ሰማያዊ፣ ስድስተኛዎቹ ቢጫ። እውነት ለመናገር ሥራው ያምራል። ታዲያ ይሄን ሁሉ ለፍቶ ለእነዚያ ንፍጣሞች ሊሰጥ? ግማሹን ያበላሹታል፣ ግማሹን ኪሳቸው ይከቱታል። ስለዚህ እያንዳንዷን ቁራጭ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ በኮላ ለጥፎ አረፈው። በእጅ ይሠራበታል የተባለውን ነገር እጅ እንዳያነቃንቀው አድርጎ ሠራው፤ ጎበዝ!

ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ ገባች። ጠረጴዛዎቹን ዞራ አየችና ወደ አንዲት ልጅ ጎንበስ አለች፤ ከክፍሉ ሁሉ መርጣ የገዛ ልጁን!

«ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ለምን ሁለት አምስተኛ አይሆኑም? እስቲ አሳዪኝ።»

ልጅቷ ሰማያዊውን ልታነሳ ሞከረች። እምቢ አላት።

«ተጣብቋል። አባዬ እንዳትነኩ ብሎናል» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ተቆጣጣሪዋ ወደ እሱ ዞረች።

«እሺ መምህር፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ለምንድነው?»

«መጀመሪያ የታችኛው ቁጥር እኩል መሆን አለበት።»

«ለምን?»

«ሕጉ ነዋ!»

ለምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምረው አንድ ቀን ራሱን አልጠየቀም፤ የጠየቀውን ተማሪም «ደደብ» እያለ ሲያስቀምጥ ነው የኖረው።

ልጅቷ ማስመሪያዋን ከቁራጮቹ ሥር አስገብታ ፈልቅቃ አነሳቻቸው። ግማሹ ላይ ሦስት ቢጫ ደረደረች፤ ሲሶው ላይ ሁለት።

«አምስት ስድስተኛ። ቁራጮቹ እኩል ካልሆኑማ እንዴት አንድ ላይ ይቆጠራሉ?»

ገባው። በሃምሳ አምስት ዓመቱ፣ እዚያው ቆሞ ገባው። ልጅቷም ገና አሁን እንደገባው ፊቱ ላይ አነበበች። ብትንቀው ይችለው ነበር፤ ንቀትን ከማንም በላይ ያውቃታል። እሷ ግን አዘነችለት። ቁራጮቹን ቀስ አድርጋ ወደ እሱ ገፋችለትና፣

«አባዬ፣ አንተም ሞክረው» አለችው።