የእትዬ መጣሁ ቢጫ ብርድ ልብስ

አዋላጇን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ መጣሁ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ከገዛ አፏ ነው። በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጮህ፣ ከደረጃው ሥር ሰው ሲጣራ የያዘችውን ሁሉ ባለበት ጥላ «መጣሁ!» ትልና ትወጣለች። ለጠራት ሰው «መጣሁ»፣ ቤት ጥላው ለምትሄደውም «መጣሁ»። ለጠራት ሰው ቃሏን ታከብራለች፤ ምጥ ቀድሟት አያውቅም። ቤት የቀረው ግን ድስቱ አርሮ፣ ቀኑ መሽቶ ነው የሚያያት።

ከሁሉም የባሰው የደረሰው በብርድ ልብሶቿ ላይ ነበር። እጇስ ወርቅ ነው፤ መርፌም ኪሮሽም ይታዘዝላታል። ችግሩ መቀመጫዋ ነው። አልጋዋ ሥር በገባው ትልቅ ካርቶን ውስጥ ሦስት ያላለቁ ብርድ ልብሶች ተጠቅልለው ነበር። አንዱ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ብላ ከቁርጥራጭ ጨርቅ መገጣጠም የጀመረችው ነው፤ የእህቷ ልጅ በዚህ መሀል አግብታ፣ ፈትታ፣ ሌላ አግብታለች። ሁለተኛው ለራሷ አልጋ ያሰበችው ድርብ ነው፤ ገበሩ ተሰፍቶ፣ ጥጡ ገብቶ፣ አፉ ሳይዘጋ ቀርቷል። ሦስተኛው በሹራብ መርፌ የሚሠራ ቢጫ የሱፍ ብርድ ልብስ ሲሆን ልጇን አርግዛ ሳለ የጀመረችው ነው። ያ ልጅ ዛሬ ጢሙን የሚላጭ የቧንቧ ሠራተኛ ሆኗል። ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት።

እትዬ መጣሁን ያስቀመጣት መጋረጃ ነው። ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃ ስትሰቅል ስልኩ ጮኸ። «መጣሁ!» አለችና ወንበር ላይ መሆኗን ረስታ ተራመደች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ፣ እግሯም እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታሰረ። ሐኪሙ መሬት እንዳትረግጥ አስጠንቅቆ ላካት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለቤተሰቡም መከራ ነው። ልጇና ምራቷ አብረዋት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እትዬ መጣሁ ጀሶዋን በርጩማ ላይ ሰቅላ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠችም መስኮቱ ይከፈት አለች። ሲከፈት ነፈሰኝ አለች። የሬዲዮውን ጣቢያ ታቀያይራለች፣ ጤና ጣቢያ ትደውላለች፣ «እገሊት ወለደች ወይ?» ትላለች። እዚያ ያለችው ባልደረባዋ በመጨረሻ «እትዬ፣ ያለ አንቺም ይወለዳል እኮ» ብላ ስልኩን ዘጋችባት። ነገሩ ለቀናት ከነከናት።

ምራቷ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ፍሬንና ነዳጅ ከሚያምታቱ ሰዎች አጠገብ ስለምትውል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አንድ ጧት ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ካርቶኑን ከአልጋው ሥር በእግሯ እየገፋች አመጣችው።

«እነዚህን ይጨርሱ» አለች።

«የቱን?»

«ሦስቱንም። የሚሄዱበት የለ።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?»

«እርስዎ አፍስሰው አልለቀሙማ። ይልቀሙ ነው የምልዎት።»

እትዬ መጣሁ ሳቋ አመለጣት። የቁርጥራጩን ብርድ ልብስ አወጣችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው። አሮጌ መጋረጃ፣ የሥራ ጋውን፣ የልጇ የትምህርት ቤት ሸሚዝ። በንዴት ትሰፋው ጀመር። ክሩን ሳትለካ ትቆርጣለች፣ ያጥራታል፣ እንደገና ትቀጥላለች። ጣቷን ስትወጋ መርፌውን ትሰድበዋለች። ቢሆንም አለቀ። ለእህቷ ልጅ ደወለች።

«የሠርግሽ ብርድ ልብስ አልቋል።»

«እትዬ፣ ለየትኛው ባል ነው?»

«ለሚቆየው!»

የድርቡም አፍ ተዘጋ። ቢጫውን ግን ለመቀጠል እጇ አልሄደላትም። ብል አንዱን ጠርዝ በልቶታል። ክሩም አልቋል፤ ልጇ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ያመጣላት ቢጫ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ነው። የድሮውና የአዲሱ መገናኛ ከሩቅ ይታያል።

«ለልጃችሁ ነው» አለች ለምራቷ፤ «ስታምጪ ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ። ተቀብዬ እጠቀልልበታለሁ።»

ምራቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ሲቆይ ደግሞ የማይቀረውን ተናገረች። «እትዬ፣ ሆስፒታል ነው የምወልደው። ውስጥ እንዲገቡም አልፈልግም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እናቴ በሕይወት የለችም። እርስዎ አማቴ ይሁኑልኝ፤ አዋላጄ አይሁኑ። ስጮህ እየሰሙኝ የማሕፀኔ አፍ ስንት ጣት እንደተከፈተ እንዲያሰሉ አልፈልግም።»

ሰው ስትገላግል የኖረች ሴት የገዛ የልጅ ልጇ ሲወለድ ውጭ ቁሚ ስትባል! እትዬ መጣሁ ሹራቡን አነሳችና መሥራት ጀመረች፤ መርፌዎቹ እንደ ጥርስ ይንቀጫቀጩ ነበር። ምሳ ቀረበላት፣ አልበላችም። ልጇ «እማዬ፣ ተቀየምሽ እንዴ?» ሲላት «እየቆጠርኩ ነው፣ አታስረሳኝ» አለችው። የምትቆጥረው ነገር አልነበረም።

ምጡ የመጣው ጧት ቁርስ ላይ ነው። ምራቷ ሻይ ይዛ ቆማ ሳለ ፊቷ ተለወጠና ስኒውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ስልጡን ናት፤ የመቀመጫ ቀበቶ የምታስር እንጂ የምትደነግጥ አትመስልም። የደነገጠው ባሏ ነው። የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዞ ቁልፉን ይፈልጋል። እትዬ መጣሁ ከወንበሯ ሆና «ቀስ በሉ፣ ለመጀመሪያ ልጅ ገና ነው፣ ውኃ አጠጣት» ትላለች፤ ማንም አይሰማትም። በሩ ተዘጋ። የእግራቸው ድምፅ ደረጃውን እየወረደ ጠፋ።

ቤቱ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ እትዬ መጣሁ አታውቀውም። ሁልጊዜ በር ዘግታ የምትሄደው እሷ ናት። ሹራቡን አነሳች። ሁለት መስመር ሠራች። አንድ ቀለበት ከመርፌው አምልጦ እስከ ታች ሲተረተር ያየችው ዘግይታ ነው። ፈታችው። ደግማ ሠራች። ደግሞ ፈታችው። ልጇ ጋ ደወለች፤ አያነሳም። ምርኩዞቿን ይዛ እስከ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። በሩ ሥር ነው ሻንጣውን ያየችው።

የሕፃኑ ልብስ፣ የእናትየው የሌሊት ልብስ፣ ፎጣው፣ ሁሉም ታጥፎ የተዘጋጀበት ሻንጣ፤ ረስተውት ሄደዋል።

«እሰይ!» አለች እትዬ መጣሁ። በሰው ችግር እሰይ ማለቷ አሳፍሯት ወዲያው አፏን ያዘች። ከዚያ ሹራቡን ከነመርፌውና ከነክሩ ሻንጣው ውስጥ ጠቀጠቀችው።

ምርኩዝ ይዛ ሻንጣ መሸከም አልሆነላትም። ስለዚህ ደረጃው አናት ላይ በመቀመጫዋ ቁጭ አለች። ጀሶውን ወደ ፊት ዘረጋች፣ ሻንጣውን ጭኗ ላይ አደረገች፣ በአንድ እጇ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዛ ምርኩዞቿን በሌላው እየጎተተች አንድ አንድ ደረጃ ወረደች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ልብስ ሰፊ በሩን ከፍቶ አያት።

«እትዬ መጣሁ! ምን ሆነሽ ነው?»

«እየሄድኩ ነዋ! አላየህም? ይልቅ ውረድና ታክሲ አቁምልኝ።»

ሰውየው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ ወረደ። ታክሲ አቆመ፤ ደግፎም አስገባት። መንገዱ ተጨናንቋል። ሾፌሩ ወሬ ሊጀምር ሲል «ወንድሜ፣ አፍህን ተወውና በእጅህ ንዳ» አለችው። ቀይ መብራት ባስቆማቸው ቁጥር የተሰበረውን እግሯን ነዳጅ እንደሚረግጥ ሰው ወደ ታች ትጫነዋለች። ያማታል፤ ደግማ ትጫነዋለች።

ሆስፒታሉ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ አይደለም፤ የሚያውቃት ሰው የለም። ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ የቆመች ነርስ ሻንጣውን ተቀበለቻት።

«አዋላጅ ነኝ» አለች እትዬ መጣሁ፤ በምርኩዟም አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ተራመደች።

«ዛሬ ግን ቤተሰብ ነዎት፣ እናቴ። ቤተሰብ እዚያ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል።» ነርሷ ክፉ አልነበረችም። ከሻንጣው ሹራቡን ከነክሩ አውጥታ ሰጠቻትና ገባች። በሩ በራሱ ተመልሶ ተዘጋ።

ልጇ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ይመላለስ ነበር። እናቱን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። «በምን መጣሽ?»

«በመቀመጫዬ። ምን አሉ?»

«የልጁ ልብ ምት ይዘገያል አሉ። ቀዶ ጥገና ያስፈልግ ይሆናል አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልወጣም።»

እትዬ መጣሁ ነገሩ ገባት፤ ከሚገባው በላይ ገባት። ሌላው ሰው ስለማያውቅ ይታገሣል። እሷ ግን ከዚያ በር ጀርባ የሚሆነውን እያንዳንዱን ነገር ታያለች፤ ምን እንደሚዘጋጅ፣ ማን ምን እንደሚል፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ኮሪደር ላይ የሚመላለሱ ባሎችን «ቁጭ በል አንተ፣ መሬቱን ጨረስከው!» ስትል ኖራለች። አሁን እግር ቢኖራት መሬቱን የምትጨርሰው እሷ ነበረች።

«ና ክር ያዝልኝ» አለችው።

«እማዬ፣ አሁን?»

«አሁን። እጅህን ዘርጋ።»

ተቀመጠ። ሁለት እጁን ዘረጋ። እሷ የፈዘዘውን ቢጫ ክር ከእጁ ላይ እየፈታች ጠቀለለች። ጠቅልላ ስትጨርስ መርፌዎቹን አነሳች። ሁለቱም ጆሯቸው በሩ ላይ ነው።

«ልጅ ሆኜ መስኮት ላይ ቆሜ የምጠብቅሽ ትዝ ይልሻል?» አላት ድንገት።

«አልነበርኩማ። እንዴት ትዝ ይለኛል?»

ፈገግ አለ፤ ፈገግታው አልቆየም። «እነዚያን ሴቶች እጠላቸው ነበር። አንቺን አይደለም፣ እነሱን። ለምን እናቴን ይወስዱብኛል እል ነበር።»

እትዬ መጣሁ መርፌዎቹን አቆመች። ይህን ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«አሁን ግን» አለ ልጇ በሩን እያየ፣ «እዚያ ውስጥ ያለችው ሐኪም ልጇን ቤት ጥላ መጥታ ይሆናል። መስኮት ላይ ቆሞ ይጠብቃት ይሆናል። እኔ የምለው ምንድን ነው? እንኳን ጥላው መጣች ነው የምለው። እንኳን መጣች።»

እናቱ እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች፣ ጥቂትም አቆየችው። ከዚያ ወደ ሹራቡ ተመለሰች፤ እጇ ሥራ ካልያዘ እንባዋ ሊቀድማት ነበር። ከአጠገባቸው የተቀመጡ ሰዎች ተነስተው ሄዱ፣ ሌሎች መጡ። አንዲት ሴት የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው፤ ልጇ በእጁ ይዞት ቀረ። የመጨረሻው መስመር ሲያልቅ እትዬ መጣሁ ክሩን ቋጠረችና መቀስ ፈለገች። መቀስ ቤት ነው የቀረው። ልጇ ጎንበስ ብሎ በጥርሱ በጠሰላት።

ነርሷ በሩን የከፈተችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጭምብሏ አገጯ ላይ ወርዷል። እትዬ መጣሁ የነርሷን ዓይን አየች፤ ወሬው ከአፍ ሳይወጣ ከዓይን እንደሚነበብ ታውቃለች። ትንፋሿ ተመለሰ።

«ሴት ናት» አለች ነርሷ፤ «በቀዶ ጥገና ነው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ልጇ ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። እዚያው ሆኖ አለቀሰ፤ በእጁ የነበረው ዳቦም ከሥሩ ተጨፈለቀ።

ወደ ክፍሉ ሲያስገቧቸው ምራቷ ነጭ አንሶላ ለብሳ ተኝታለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከቀዶ ጥገና በኋላ እንዲህ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ እንደሚመጣ እትዬ መጣሁ ታውቃለች፤ ሕመም አይደለም፣ ያልፋል። ብርድ ልብስ እስኪመጣ ግን ማን ይጠብቃል? ቢጫውን አወጣችና የምራቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ አንገቷ ሥር ጠቀለለችው። ለሕፃን የተለካ ስለሆነ ከትከሻዋ አላለፈም።

«ይሄ… የልጅቱ አይደል?» አለች ምራቷ በሚንቀጠቀጥ ከንፈሯ።

«ነበር። አሁን አንቺ በርዶሻል።»

ምራቷ የሹራቡን ጠርዝ በጣቷ ያዘች። ከአልጋዋ አጠገብ በመስታወት መሰል የሕፃን አልጋ ውስጥ ልጅቱ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ከጥቅሉ የሚታየው ቀይ ፊትና የተኮሳተረ ግንባር ብቻ ነው።

«እትዬ» አለች ምራቷ።

«ወይ።»

«ሐኪሞቹ ደህና ናት ይላሉ። እኔ ግን ከእርስዎ ልስማ። ይዩልኝ።»

እትዬ መጣሁ ልጇን ዞራ አየችው። እሱም ወንበሩን ሳበላት። እጇን ታጥባ፣ ምርኩዟን አልጋው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች፣ ሕፃኗን ተቀበለች። ሳትቸኩል ጥቅሉን ፈታች። ጣቶቿን አየች፣ የእግሮቿንም። ትንሿን ደረት በሁለት ጣቷ ይዛ ትንፋሿን አዳመጠች። አናቷን ዳበሰች፣ የአፏን ጣራ በትንሿ ጣቷ ነካች። ልጅቱ ጣቷን ይዛ መጥባት ጀመረች፤ ጉልበቷ የሚገርም ነበር።

ምራቷ ከትራሷ ቀና ብላ የአማቷን ፊት ታያለች።

«ደህና ናት» አለች እትዬ መጣሁ። «ምንም አልጎደላትም። ብቻ እርቧታል።»

ልጅቱን መልሳ ጠቅልላ እናቷ ደረት ላይ፣ ከቢጫው ሥር አስገባቻት።