ድንጋይ ላይ የታሰረው ተክል

ሰውየው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ግቢ ሲያለመልም የኖረ አትክልተኛ ነው። እጁ የነካው ሁሉ ይጸድቃል ይባልለታል፤ እሱም ሲባልለት «ኧረ ተዉ» ብሎ አያውቅም። እጁን እንዳያስገባ የተከለከለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ሳሎን ውስጥ ያለው፣ ከመስታወት የተሠራው የሚስቱ የዓሣ ገንዳ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚስል። «መሬቱ ያንተ፣ ውኃው የእኔ» ብላ ድንበር ካበጀች አሥር ዓመት አልፏል። ዓሦቹ ለስሙ ነው እንጂ እሷ የምትሳሳላቸው ውኃ ውስጥ ለሚያድጉት ቅጠሎች ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗም ንግግሯም ተያዘ። ሆስፒታል አንድ ወር ስትተኛ ገንዳው በእሱ እጅ ወደቀ። መቼም ያሳሳተው ደግነቱ ነው። አንድ ቀን ክዳኑን ከፍቶ ቢያይ ትልቁ ተክል እንደ ወንጀለኛ በክር ድንጋይ ላይ ታስሯል፤ ሥሩ አፈር የሚባል አልነካም። አዘነለት። ልብስ ሰፊ ምን ታድርግ፣ ተክልም እንደ ቁልፍ የሚተከል መስሏት ነው ብሎ ሳቀባት። ክሩን በጠሰ፣ ድንጋዩን ጣለ፣ ተክሉን ከነወፍራም ግንዱ እስከ አንገቱ ገንዳው ሥር ባለው አሸዋ ውስጥ ቀበረው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እሱ ግን ተረቱ ለሌላ ሰው የተተረተ ነው የሚመስለው።

ሚስቱ ወደ ቤት ስትመለስ አልጋዋን ሳሎን ውስጥ፣ ከገንዳው ፊት ለፊት ዘረጉላት። በማግስቱ በደህናው ግራ እጇ አየር ላይ ክር መጠምጠም ጀመረች። ሌባ ጣቷን ታዞራለች፣ ታዞራለች፣ ከዚያ ቋጠሮ እንደሚያጠብቅ ሰው ቆንጠጥ አድርጋ ትስባለች። ጠዋትም ይኸው፣ ከሰዓትም ይኸው። ምን ፈልገሽ ነው ቢላት «እእ» ከማለት በቀር መልስ የለም።

ሥራዋ ናፍቋት ይሆናል አለና ጨርቅ፣ መርፌና የክር ጥቅል አመጣላት። ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረችው። ክሩን ግን ይዛ ወደ እሱ ዘረጋችለት። ተቀበላትና አመስግኖ መሳቢያ ውስጥ መለሰው። ዐይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰውየው ግራ ገባው። የበደላት ነገር እንዳለ ፊቷ ይናገራል፤ ምን እንደሆነ ግን ቢያወጣ ቢያወርድ ጠብ የሚል ነገር አጣ።

ከሥራ መልስ በየቀኑ የምትመጣው ልጃቸው ነገሩ አስጨንቋታል። እማዬ ድሮ ላይ ቀርታ የልብስ ስፌቷን እየሠራች ነው፣ እኛን አታውቀንም፣ አንተም ብቻህን አትችላትም አለችው። አስታማሚዎች ያሉበት ማቆያ ቤት ፈልጋ አግኝታለች፤ ቅዳሜ ይወስዷታል፣ እስከዚያ አባቷ እሺ ይበላት። ሰውየው ሌሊቱን ሲያሰላስል አደረ። ሚስቱ እውነት ሄዳ ከሆነ እሱ ከማን ጋር ነው የተቀመጠው? እዚህ ካለች ደግሞ ይህ የጣት ነገር ምንድን ነው? ነገሩ ሁሉ ዞረበት።

በዚያው ሰሞን ተክሉም ጠላቱ ሆነ። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ፣ እየሳሳ፣ አንድ በአንድ ተገንጥሎ ይንሳፈፋል። ማዳበሪያ ጨመረለት፤ ውኃው አረንጓዴ ልጋግ ለበሰ። አሸዋውን ይበልጥ ከመረበት፤ ባሰበት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልከዳው እጅ በአንድ ባልዲ ውኃ ፊት አፈረ። ቅጠል በተንሳፈፈ ቁጥር ደግሞ የሚስቱ ጣት ይፈጥናል።

ዐርብ ጠዋት የቀረውን ነቅሎ ሊጥል እጅጌውን ሰበሰበ። ግንዱን ሲስበው ቡን ብሎ ሸተተው፤ በስብሶ በጣቶቹ መሃል ሟሟ። አሸዋው ሲደፈርስ በሌላው እጁ ጥጉን ዳበሰ። እዚያ፣ ከውኃ ማጣሪያው ጀርባ፣ ሳያያት የቀረች ትንሽ ድንጋይ አገኘ። አወጣት። ላይዋ ላይ ከትልቁ ተክል የተቆረጠች አንዲት ግንጣይ በነጭ ክር ታስራለች፤ ሥሮቿ ድንጋዩን ጨምድደው ይዘዋል፣ አዲስ ቅጠልም አውጥታለች፣ ያውም እንከን የሌለበት።

በአንድ እጁ የበሰበሰውን፣ በአንድ እጁ የታሰረውን ይዞ ዞረ። ሚስቱ ትክ ብላ ታየዋለች። ጣቷን አነሳችና፣ ለደነዝ ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ አድርጋ፣ አንዴ ብቻ ጠመጠመች።

ሰውየው ከመሳቢያው ክሩን አምጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የበሰበሰውን ግንድ ቆርጠው ቢጥሉት ሁለት ጣት የምታህል ጠንካራ ክፋይ ተረፈች። እሷ በግራ እጇ ድንጋይ ላይ ተጭና ያዘችለት፣ እሱ ጠመጠመ። አጥብቆ ሲስብ እጁን ቸብ አደረገችው። ላላ አደረገው። እንባው ጺሙ ላይ እየወረደ ይስቃል፤ ድሮ እንዲህ ስትመታው ይናደድ ነበር።

ማታ ልጅቷ መጣች። ለነገ የሚሆነውን የልብስ ሻንጣ ይዛለች። አባቷ ከበሩ ላይ ተቀበላት።

«ሻንጣውን መልሺው ልጄ» አላት። «እናትሽ የትም አልሄደችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትሰድበኝ ነው የከረመችው፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ልጅቷ አላመነችም። ብቻውን ሲከርም እሱም ቃዠ እንዴ ብላ ፊቱን አየችው፣ ገንዳውን አየችው፣ ድንጋዩን አየችው። ከዚያ ሻንጣውን አስቀምጣ ወደ አልጋው ሄደች፣ እንደ ሁልጊዜዋም እናቷ ላይ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ?»

እናትየው የልጇን ክንድ ያዘች፣ ወደ መብራቱ ሳበችው። የሹራቧ እጅጌ ጠርዝ ተተርትሮ ክሩ ተንጠልጥሏል። እናት ጠርዙን በሌባ ጣቷ መታ መታ አደረገችው፣ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ እንዲህ ሆነሽ ነው ሥራ የዋልሽው በሚል ፊት ምላሷን ጠቅ አደረገች።

ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እናትየው ግን እጅጌውን አልለቀቀችም።