የመሻገሪያው ድንጋይ

ድንጋይ ጠራቢው የምርቃቱ ቀን ጠዋት እጁ አልታዘዝ አለው። ዕድሜውን ሙሉ አለት ሲፈልጥ የኖረ ሰው፣ እፍኝ ስሚንቶ ለማቡካት ጣቱ ይንቀጠቀጣል! አያድርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድልድዩ አጠገብ፣ ከአስፋልቱ ዳር የሚተከለውን የመታሰቢያ ድንጋይ ቅረጽ ተብሎ ከማዘጋጃ ቤት ሲታዘዝ ደስታውን አልቻለውም ነበር። የሚቀረጸውን ጽሑፍ ሲያነብ ግን ክው አለ። «የቅኝ ገዢው ጦር ወደ ከተማ ሲዘምት ወንዙን የተሻገረው እዚህ ነው። መሻገሪያውን መርቶ ያሳየው የመንደሩ አንጥረኛ ነበር» ይላል። በዚያ ዘመን መንደሩ ውስጥ የነበረው አንጥረኛ አንድ ብቻ ነው፤ የእናቱ አባት።

እናቱ ደግሞ «አባቴ ለጠላት ያልተንበረከከ!» እያለች ነው ያሳደገችው። ጎረቤቱም «የጀግናው ልጅ» እያለ ያከብራታል፤ ለምርቃቱም ከፊት ወንበር ተይዞላታል። በስተርጅናዋ ይህን በሰው ፊት ብትሰማ በቁሟ ትሞትብኛለች ብሎ ፈራ።

ታዞ ቀረጸው እንጂ ምን ያድርግ? በምርቃቱ ጠዋት ግን አላስችል አለው። ስሚንቶ ከድንጋይ ብናኝ ጋር አቡክቶ ሁለተኛውን መስመር ደፈነ፣ አለሰለሰና የተሸፈነበትን ጨርቅ መልሶ አለበሰው። ቢጠይቁኝ ረሳሁት እላለሁ አለ በሆዱ። ወይ ሞኝነት!

ሰዉ ተሰበሰበ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ጨርቁን ገፈፈና፣ ድንጋዩን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ጠራቢው ብድግ አለ። ወረቀቱን! ወረቀቱን እንዴት ይርሳ? ንባቡን ለማቋረጥ ይስል ጀመር፤ «ውሃ ስጡት» ተባለና ኃላፊው ቀጠለ።

«…መርቶ ያሳየው የመንደሩ አንጥረኛ ነበር።»

አንገት ሁሉ ወደ አሮጊቷ ዞረ። ከኋላ አንዱ፣ «እና ጀግናው ይሄ ነው?» ሲል ተሰማ።

እናቱ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣች። ጠራቢው ሮጦ ክንዷን ያዘ።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

«ልቀቀኝ!» አለችውና ወደ ሰዉ ዞረች። «እውነት ነው፤ መርቷቸዋል። ሕፃን ልጁ አንገት ላይ ሳንጃ አድርገው ምራ አሉት፤ መራ። ልጅቷ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ጠራቢው።

«ምን ልበልህ? በእኔ ሰበብ የከተማው ሰው አለቀ ልበልህ? አፌ አልደፍር አለ። እሱም ከዚያ ወዲያ መዶሻ ሳይጨብጥ ነው የሞተው። ዛሬ ሌላ ሰው ጀመረልኝ፣ ተገላገልኩ።»

ወደ ድንጋዩ ተጠጋች። ማንበብ አትችልም፤ ፊደሎቹን በጣቷ እየዳበሰች ወረደች። ከላይኛው መስመር ሥር ልሙጥ ሆነባት። ጣቷን አንሥታ ብታየው እርጥብ ስሚንቶ ይዞታል። ቀጥላ የልጇን እጅ አየች፤ ጥፍሩ ሥር ያው ስሚንቶ አለ።

«አንተ፣» አለችው ቀስ ብላ፣ «አባቴን ደፈንከው?»

ጠራቢውን እፍረት መሬት ዋጪኝ አሰኘው። መሮውን ከኪሱ አወጣና፣ ሰዉ ሁሉ እያየው፣ ስሚንቶው ሳይደርቅ ይፍቅ ጀመር። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

እናቱ ከአጠገቡ ቆማ ምርኩዟን ድንጋዩ ላይ አስደገፈችና መሮ የጨበጠ እጁን ያዘችለት።

«ቀስ በል ልጄ፣» አለችው። «እሱን እንዳትቧጭረው።»